ቢጫው ጀሪካን

«የጋሎኑ ውሃ ነው በያት። ሌላ ምን ትያታለሽ?»

«የጋሎኑን ውሃ እኔም እጠጣለሁ፤ ሀያትም ትጠጣለች። ምን ሆንን?»

«እንግዲያው የቧንቧው ነው በያት።»

«የቧንቧውን ማን ይጠጣል እትዬ? አፋችንን እንኳ አንጉመጠመጥበትም።»

«ሰብለ፣ አታድርቂኝ!»

«ማስተዋል ትናንት በሰው ሸክም ወጣች። ገነትን ዛሬ ጠዋት ተቅማጡ ጀመራት። ነገስ ማን ሊሆን ነው?»

እትዬ ጥሩ እንዳልወጣ የወጥ ቤቱን በር በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። የምትጮኸው ድምጿን አፍና ነው። ከበሩ ማዶ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሪማ የምትባል የጤና ቢሮ ሠራተኛ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥኗን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠብቀናለች። ሊባኖሳዊት ናት፤ አማርኛ አትሰማም። ከቤቱ ሴቶች ሁሉ አረብኛዬ ስለሚሻል የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

«ስሚኝ» አለች እትዬ ጥሩ፣ ክንዴን ይዛ። «ጸበሉን ከነገርሻት ቤቱን እንዳጣነው ቁጠሪው። አቡ ኤሊ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ‹ሐበሾቹ ከአገራቸው በሽታ በጀሪካን ጭነው መጡ› ነው የሚለው። ከዚያ የት ልንገባ ነው? ማስተዋል ከሆስፒታል ስትወጣ የት ልትገባ ነው?»

«ጸበሉን ምን አልኩት? አንቺ የጨመርሽበትን ውሃ ነው የምለው።»

«ጸበል ላይ የተጨመረ ውሃ ጸበል ነው! ይኼን አታውቂም? እናትሽ አላስተማረችሽም?»

አስተምራኛለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ከደሴ ወደ ሊባኖስ በኮንትራት የመጣሁ፣ ከማዳሜ፣ ከአሠሪዬ ቤት ወጥቼ ያለ ኢቃማ፣ ማለትም ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ በሰዓት እየሠራሁ የምኖር ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ዛልቃ፣ ከሰዓት ሌላ ሰፈር፣ የሰው ቤት አጸዳለሁ። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጬ በስልኬ እጽፋለሁ፣ ስወርድ አጠፋዋለሁ፣ አንዳንዱ ሳይጠፋ ይቀራል።

የሰው ቤት መስታወት ስወለውል ውዬ፣
የገዛ ፊቴን ግን መጣሁ እዛው ጥዬ።

ይህችን ለቤቱ ልጆች ሳነብላቸው ገነት «መስታወቱን ሙጫ ቀብተሽው ነው እንዴ?» ብላ በሳቅ ገደለችን። «ገጣሚዋ» የሚሉኝ ለማሾፍ ነው። እትዬ ጥሩ ደግሞ «ይህቺ ልጅ ዓይኗ አያርፍም» ትላለች። እውነቷን ነው። ሌላ ሰው የሚያልፈውን አያለሁ፤ ካየሁ ደግሞ ሆዴ ውስጥ አይቆይም።

ቤቱ ሀደት የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ጀርባ፣ ምድር ቤት። ከባለቤቱ ከአቡ ኤሊ ተከራይታ ቤት ያደረገችው እትዬ ጥሩ ናት። ከአሠሪ ቤት በሌሊት ልብሷ ያመለጠች ልጅ ቢሮ አታውቅ፣ ዘመድ የላት፣ ታክሲ ውስጥ ገብታ «ሀደት፣ እትዬ ጥሩ ጋ» ትላለች። እንዲህ ሆነው ስንቶች መጡ። ማስተዋል የመጣችው አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ ነበር። እትዬ ጥሩ ምንም አልጠየቀቻትም። «ግቢ። በሩን ስትዘጊ አንሺው» አለቻት፣ ያ ብቻ።

በሩ የብረት ነው፣ ማጠፊያው የወለቀ። ካላነሱት መሬት እየፋቀ ይጮሃል፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ወጥተው ይሰድቡናል። ሁላችንም እናጮኸዋለን። ሳይጮህ የሚዘጋው ለእትዬ ጥሩ ብቻ ነበር፤ በትከሻዋ ቀና ታደርገውና ድምፅ ሳይወጣው ቦታው ይገባል።

በዚያ ክረምት፣ ለእነሱ በጋ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ውሃ ነበር። የመንግሥቱ ውሃ አንድ ቀን ቢመጣ ብዙ ቀን ይጠፋል። አቡ ኤሊ የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ከጉድጓዱ በሞተር ወደ ጣራው ታንከር፣ ከታንከሩ ወደ ቧንቧችን። ሙቀቱ ሲበረታ የቧንቧው ውሃ መሽተት ጀመረ፤ የሽንት ቤት ሽታ ነው፣ ላስውበው አልችልም። ከላይ ያሉት ሊባኖሶች ሲጮሁበት «የቧንቧችሁን ላስቲክ ቀይሩ» አላቸው። እኛ ስንነግረው «ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ፣ አገራችሁ ውስጥ ወንዝ ነበር የምትጠጡት» አለን። ስለዚህ ሕንፃው ሁሉ፣ ሀብታምም ድሃም፣ የሚጠጣውን በጋሎን እየገዛ፣ በቧንቧው ዕቃና ሰውነቱን ብቻ ይታጠብ ነበር።

ፍልሰታ ገባች። ከቤታችን ሀያት ሙስሊም ናት፤ ሌሎቻችን ኦርቶዶክሶች ነን። አንዲት ልጅ አገር ቤት ደርሳ ስትመለስ ጸበል ይዛልን መጥታ ነበር፣ በሻንጣ ልብስ መሀል ደብቃ። እትዬ ጥሩ በቢጫ ጀሪካን ገልብጣ፣ የእመቤታችንን ሥዕል በፕላስተር ለጥፋበት፣ ጥግ ላይ ነጭ ነጠላ አልብሳ አስቀመጠችው። ጠዋት ጠዋት ሳይነጋገሩ፣ ባዶ ሆድ፣ አንድ አንድ ኩባያ ትሰጣቸዋለች። ሥራ ቦታ ምን እንደሚጠብቃት የማታውቅ ልጅ ያንን ጠጥታ ስትወጣ ትከሻዋ ቀና ይላል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ጸበሉ ግን ትንሽ፣ ሴቶቹ ብዙ። ስለዚህ ሲጎድል ውሃ ይጨመርበታል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቴም ታደርገዋለች፣ የእናንተም እናት ታደርገው ይሆናል። ትንሹ ጸበል ብዙውን ውሃ ይባርከዋል። ችግሩ የቱ ውሃ የሚለው ነበር። አንድ ቀን እትዬ ጥሩ ጀሪካኑን መታጠቢያ ቤት ይዛ ገብታ ከቧንቧው ስትሞላ አየኋት።

«እንዴ እትዬ! ጋሎን አለ አይደል?»

«የጋሎኑ የሱቅ ነው፣ መድኃኒት የነካው፤ ክሎር ክሎር ይላል። ይኼ ቢሸትም ከመሬት የፈለቀ ነው። ጸበልም ከመሬት ነው የሚፈልቀው» አለችኝ። አባባሏ አምሮኝ፣ ለግጥም ይሆነኛል ብዬ በስልኬ ጻፍኩት። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ማስተዋል ታመመች። ጠዋት ሆዴን አለች፤ ቀትር ላይ ሽንት ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ቀረች። የሚወጣት ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ማታ ዓይኖቿ ጎድጉደው፣ የጣቶቿ ቆዳ ብዙ ልብስ እንዳጠበች ሴት ተጨማዶ፣ ድምጿ ጠፋ። «ሆስፒታል አልሄድም» ትላለች በከንፈሯ፤ «ለማዳሜ ይሰጡኛል።» በብርድ ልብስ ተሸክመን ወሰድናት። መቀበያው ላይ ያለው ሰውዬ ፓስፖርት ሲል፣ አንድ ሐኪም የማስተዋልን ፊት አየና ምንም ሳይል አልጋውን ራሱ ገፍቶ አስገባት። በሁለቱም እጇ ግሉኮስ ተከሉላት። «ኮሌራ ይመስላል፤ የቤታችሁን አድራሻ ስጡኝ» አለን።

ሪማ የመጣችው በዚያ አድራሻ ነው።

እንግዲህ ወደ ወጥ ቤቱ ልመለስ። እትዬ ጥሩ የመጨረሻ መከራከሪያዋን አወጣች።

«ከሁላችሁ በላይ የምጠጣው እኔ ነኝ። ምን ሆንኩ? ንገሪኛ!»

እሷ እንደ ዓለት ቆማለች። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ እውነት ለመናገር እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ሪማ በሩን ቆረቆረች።

«ፓርዶን፣ ገብቼ ልጠይቅ?»

ወጣት ናት፣ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ገና ስትገባ እትዬ ጥሩ «ኢቃማ ልትጠይቀን ነው?» አለችኝ። ተረጎምኩላት።

«ፖሊስ አይደለሁም» አለች ሪማ። «የምጠይቀው ስለ ውሃ ብቻ ነው። ምን ትጠጣላችሁ?»

እትዬ ጥሩ በተሰባበረ አረብኛ ራሷ መለሰች፤ «ጋሎን። በስ ጋሎን። ኸላስ።» ጋሎን ብቻ፣ አለቀ፣ ማለቷ ነው።

ሪማ ጋሎኑን አየች፣ በብልቃጥ ቀዳች፣ ዘጋች። ከቧንቧው ቀዳች፤ ስታሸተው ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ገነት የተኛችበት ሄደን የበላችውን፣ የነካችውን ሁሉ ጠየቀቻት። ገነት አንድ አንዱን ትመልሳለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ጥግ ላይ ነጠላ የለበሰውን ጀሪካን ማንም አያይም፤ ሁላችንም እሱን ላለማየት ጣራ ጣራ እናያለን። ሪማ ደክሟት እስክሪብቶዋን ዘጋችና እንዲያው ለወሬ ያህል ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ? አብረሽ ትኖሪያለሽ፣ አብረሽ ትበያለሽ። አንቺ ለምን አልታመምሽም?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ፍልሰታን አልጾምኩም ነበር። ዛልቃ የምሠራበት ሕንፃ ሥር ፉርን፣ ዳቦ ቤት፣ አለ፤ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ትናንት ከዚያ ገዝቼ የተረፈኝን ማንኡሼ፣ ቺዝ ያለበት ቂጣ፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ በብርድ ልብስ ተሸፍኜ እበላለሁ። የበላ ሰው ደግሞ ጸበል አይጠጣም። እትዬ ጥሩ ኩባያውን ስትዘረጋልኝ «ዛሬ ሥራ ቸኮልኩ» እያልኩ እሮጣለሁ። ጸበሉን በልቼ ላለማርከስ ብዬ ነው እንግዲህ የተረፍኩት።

እትዬ ጥሩ ታየኛለች። ገነት ታየኛለች። ገነት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ባልዲ አቅፋ።

«ጠዋት የሚጠጡት ሌላ ውሃ አለ» አልኩ በአረብኛ። «እኔ አልጠጣሁም። ሀያትም አልጠጣችም። ያውና።»

የቀረውን በአማርኛ አልተረጎምኩም፤ እትዬ ጥሩ ግን ገብቷታል። ሪማ ተነስታ ወደ ጥጉ ስትሄድ ቀደመቻት። ጓንት ወዳጠለቀው እጇ «ሀራም!» ብላ ጮኸችባትና፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተንበርክካ የእመቤታችንን ሥዕል ከጀሪካኑ ላይ በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። ፕላስተሩ እንቢ አለ። ጥግ ጥጉን በምራቋ እያራሰች፣ እንዳይቀደድ፣ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሪማ ቆማ ጠበቀች። ለዚያ ዛሬም አከብራታለሁ።

«ሪማ፣ የጨመረችበት የጉድጓዱን ውሃ ነው» አልኳት። «የአቡ ኤሊን ጉድጓድ። ይህንን ጻፊ።»

«ገብቶኛል፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ሁለቱንም እመረምራለሁ። ቃል እገባልሻለሁ።»

እመኑኝ፣ ቃሏን ጠብቃለች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። አሁን የምነግራችሁን ነገር ግን ሁለታችንም አስቀድመን አላየነውም፤ ዓይኔ አያርፍም የምባለው እኔም ጭምር።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው መጡ። ጀሪካኑን ትልቅ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ከተው፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ይዘው፣ በግቢው መሀል አወጡት። በረንዳው ሁሉ ሰው ነው። ስልኩን ያላወጣ የለም። የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት፣ ጣት በምታክል ብልቃጥ፣ በሪማ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ወጥቷል። ማን አየው? ሰፈሩ ያየው ቢጫውን ጀሪካን ነው።

ውጤቱን ሪማ ደውላ ነገረችኝ። ተህዋሲው ጀሪካኑ ውስጥ አለ። ጉድጓዱም ውስጥ አለ። ያው ነው፣ አንድ ዓይነት። ከጉድጓዱ አጠገብ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ተሰንጥቋል።

«አንዳንድ ሰው ጠጥቶ ላይታመም ይችላል» አለችኝ ስለ እትዬ ጥሩ ስጠይቃት። «ጉድጓዱን ለባላዲያ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ አሳውቄያለሁ፤ እነሱ ይዘጉታል።»

እየሮጥኩ ወደ ቤቱ መጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ። «እትዬ! ጉድጓዱ ነው! የእሱ ጉድጓድ ነው!» ስል፣ አቡ ኤሊ ከእኔ በፊት ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ጎረቤቶቹ ከኋላው።

«አንድ ሳምንት» አለ። «ሁላችሁም ትወጣላችሁ።»

«ጉድጓድህ ውስጥም ተገኝቷል» አልኩት።

«ጉድጓዴ? ይህ ሁሉ ሕንፃ በጉድጓዴ ይታጠባል፣ አንድ ሰው ታሟል? የታመሙት እናንተ ናችሁ። ከአገራችሁ ያመጣችሁትን ቆሻሻ ጠጥታችሁ ልጆቻችንን ልትጨርሱ!»

«አልታመሙም፣ ስላልጠጡት! ይሸት ስለነበር ማንም አይጠጣውም!»

«ታዲያ የምትጠጡት እናንተ ምንድን ናችሁ?»

ከበረንዳ አንዱ ሳቀ። በየትኛው አረብኛ ነው ጸበልን ለእነዚህ ሰዎች የማስረዳው? ከዚህ በፊት ስለ ጉድጓዱ ሽታ አብራን ትጮህ የነበረች የሁለተኛ ፎቅ ሴትዮ ልጇን ወደ ደረቷ ስባ «ያ ሀራም፣ ወይ ጉዴ፣ ስንት ጊዜ ደረጃውን አጥባልኛለች» ስትል ሰማኋት። ስለ እኔ ነበር።

የባላዲያ ሰዎች መጡ። ጉድጓዱ ውስጥ ክሎር ከተቱ፣ የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ አስለጠፉ፣ ከአቡ ኤሊ ጋር ቡና ጠጥተው ሄዱ። ሪማ ላይ ስጮህ «ሥራዬን ሠርቻለሁ፣ ሐቢብቲ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች፤ እያለቀሰች ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ስልኳን አላነሳሁም።

ማስተዋል ዳነች። ገነትም። ሌላ የታመመ አልነበረም። ማስተዋልን ከሆስፒታል ላመጣት ስሄድ በመንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። «አድነሽኛል አሉኝ» አለች። «እግዜር ይስጥሽ። አሁን የት ልደር?»

ይህንን የምታነቡ፣ ጸጸት ትጠብቁ ከሆነ የለኝም። ያን ቀን አፌን ብይዝ ኖሮ በማግስቱ ጠዋት ኩባያው ደግሞ ይዞር ነበር። ገነት ዛሬ ሳብራ ገበያ ውስጥ ከሽንኩርት ሻጭ ጋር በዋጋ ስትጨቃጨቅ ድምጿ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ይበቃኛል። ግን አንድ ነገር ከውስጤ ወጥቷል። ያየሁትን መናገር ብቻ ሥራዬ ይመስለኝ ነበር፤ ከተነገረ የቀረውን እውነት ራሱ የሚጨርሰው ይመስለኝ ነበር። አይጨርሰውም። እውነት ከአፍ ከወጣ በኋላ ሰው ነው የሚሸከመው፤ ሰው ደግሞ የምትታየዋን ጀሪካን እንጂ የማትታየዋን ብልቃጥ አይሸከምም። ያኔ ይህን ባውቅ ጉድጓዱንም በባልዲ፣ በግቢው መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ አስወጣው ነበር። አሁን አንድ ነገር ልናገር ስል መጀመሪያ በረንዳዎቹን አያለሁ። ግጥሜም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ቀልድ ጠፍቶበታል ይሉኛል። እናንተም የምታዩትን ለመናገር የምትቸኩሉ ከሆናችሁ፣ አትተዉ፣ ብቻ ከአፋችሁ ሲወጣ ማን እንደሚቀበለው እዩ።

የመጨረሻውን ቀን ነግሬአችሁ ላብቃ።

ሴቶቹ ተራ በተራ ወጡ። አንዳንዷ ጓደኛ ቤት፣ አንዳንዷ ተመልሳ በቋሚነት ሰው ቤት፤ ማስተዋል የት እንደገባች እስካሁን በትክክል አላውቅም። በመጨረሻ እኔና እትዬ ጥሩ ቀረን። ግድግዳው ላይ ሥዕሎቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቤቱን ጠርጋ፣ ወለሉን በዚያው በቧንቧው ውሃ አጥባ፣ ባልዲውን ገልብጣ አስቀመጠች። አቡ ኤሊ ሊያፈርሰው ይሁን ሊያከራየው ለማናውቀው ቤት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር በይኝ» አልኳት። «ስደቢኝ።»

«ምን ብዬ?» የእመቤታችንን ሥዕል በነጠላ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እውነትሽን ነው የተናገርሽው። ማስተዋል ሞታ ቢሆን እኔ ነበርኩ ገዳይዋ። ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ።»

«ታዲያ...»

«ታዲያ ምንም። አንቺ ልክ ነሽ።» ቦርሳዋን አነገተች። «ግን ሰብለ፣ አሁን አንዷ በሌሊት ልብሷ አምልጣ፣ ታክሲ ውስጥ ገብታ፣ ‹ሀደት፣ እትዬ ጥሩ ጋ› ብትል ምን ትያታለሽ?»

መልስ ጠበቀች። የምር ጠበቀች፣ ፊቴን እያየች።

ወጣች። በሩን እንደ ሌላው ሰው ታጮኸዋለች፣ በላዬ ትወረውረዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ በትከሻዋ ቀና አደረገችው፣ አነሳችው፣ ምንም ድምፅ ሳይወጣው ዘጋችው።